ቡሄ በእናንተ ደጅ እንዴት ነው? ሙልሙል ወይስ ብር?

የታቦሯ | ነሐሴ 4

ሰላም ቤቶች፣ ጾሙ እንዴት ይዟችኋል?

እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ከተማችንና በዓሉ ሞክሼ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ቡሄን የምትጠራው «ደብረ ታቦር» ብላ ነው። ስለዚህ ነሐሴ 13 ለእኛ ለየት ይላል። ሰው ከተማችንን የሚያውቃት በአፄ ቴዎድሮስና ሴባስቶፖል መድፍ በተሠራበት በጋፋት ነው። እኔ ግን ደብረ ታቦር ሲባል ቀድሞ የሚመጣልኝ የእናቴ ጭስ የሞላው ማድ ቤት ነው።

ነሐሴ 12 ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ የሊጡን ቡሃቃ ወደ እሳቱ ዳር ታስጠጋዋለች። አገራችን ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የነሐሴ ብርዷ አይጣል ነው፣ ሊጥ ራሱ ካልሞቀው አይነሣም። እኔና እህቴ እጃችንን ታጥበን እንቀርባለን። ሙልሙል ማድቦልቦል የእኛ ሥራ ነው። ወንድሞቼ ደግሞ ከሐምሌ ጀምረው የገመዱትን ጅራፍ ይዘው ሜዳ ናቸው። ሲመሽ ችቦ ተለኩሶ «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፣ እኛ ከበሩ ጀርባ ቆመን እንሰማለን። በሩ ሲከፈት ሙልሙሉን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። አንድም ቀን ከውጭ ቆሜ ጨፍሬ አላውቅም።

አሁን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ዘንድሮም መንገዱ ስላልተመቸ አገር ቤት አልሄድም። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ፍልሰታን እስከ ስድስት ሰዓት መጾም ጀምራለች (አምና ሞክራ ሦስት ሰዓት ላይ ብስኩት አግኝታ ነበር)። ባለፈው እሑድ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እማዬ፣ እኔም ሆያ ሆዬ ልጨፍር እወጣለሁ።» አባቷ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እና ልጠይቃችሁ። በእናንተ ሰፈር ሴት ልጆች ይጨፍራሉ? ደግሞስ ሙልሙል የሚሰጥ ቤት አለ ወይስ ሁሉም ነገር ብር ሆኗል? አምና ጋግሬ ጠበቅኩ። የመጡት ልጆች ዳቦውን አይተው እርስ በርስ ተያዩና «እትዬ፣ ብር የለም?» አሉኝ። ቅስሜ ስብር ነው ያለው።

ስሙኒ | ነሐሴ 4

እውነቱን ልንገርሽ የታቦሯ? እኛም ድሮ ከዳቦው ይልቅ ሳንቲሙን ነበር የምንወደው። አፋችን ሙልሙል ይላል፣ ዓይናችን ግን የሰውየው ኪስ ላይ ነው። ጉለሌ ነው ያደግኩት። ስሙኒ የሰጠ ቤት ተመርቆ ይወጣል፣ ሽልንግ የሰጠ ቤት ግን ምርቃቱ ሁለት ጊዜ ይደገምለታል።

አምስት ሆነን ነበር የምንዞረው። ድምፁ የሚያምረው ያወጣል፣ ሌሎቻችን ዱላችንን መሬት እየደበደብን እንቀበላለን። የዳቦው ማዳበሪያ ሁልጊዜ የሚሰጠው ለትንሹ ልጅ ነው። ትልቅ ስህተት ነበር። ማታ ስንቆጥር ግማሹ የለም፣ ልጁ ሆዱ ተነፍቶ ቆሟል። ገንዘቡን አውጪው ይይዛል፣ ሲካፈል ጠብ አይቀርም፣ በመጨረሻ የላስቲክ ኳስ ተገዛበት። ኳሷ በማግስቱ የጭነት መኪና ጎማ ሥር ገባች። ድምፅዋን እስካሁን እሰማዋለሁ።

ጫማችን ኮንጎ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት» ያለው ሰውዬ የጉለሌን ጭቃ አላየም።

ጡረታ ላይ | ነሐሴ 5

ልጆች፣ እኔ ያደግኩት ሰላሌ ነው። በእኛ ጊዜ ሳንቲም የሰጠ ቤት ይታማ ነበር። ለምን ቢባል፣ ዳቦ አልጋገረም ማለት ነዋ። የቤቱ እመቤት ሰንፋለች ወይ ዱቄት አጥታለች ተብሎ ወሬው ሰፈሩን ይዞራል። የተቸገረች ሴት እንኳ ከጎረቤት ዱቄት ተበድራ ሁለት ሦስት ሙልሙል ታዘጋጅ ነበር። እናቴ እንዲህ ስታደርግ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን የሚያናድደኝ ብሩ አይደለም፣ ኑሮ ነው። የሚያናድደኝ ጎረምሶቹ መንገድ ዘግተው መኪና ማስቆማቸው ነው። ያልሰጣቸውን ሹፌር በግጥም ይሰድቡታል። አምና በታክሲ ስሄድ አንዱ መስኮቱን በዱላ ሊያወርደው ነበር። ይሄ ሆያ ሆዬ ነው? ይሄ ቀረጥ ነው እንጂ! ሆያ ሆዬ ባይሰጡህም መርቀህ የምትሄድበት ነው።

የታቦሯ | ነሐሴ 5

አባባ፣ «ዱቄት ተበድራ» ያሉት ነገር ልቤን ነካው። እናቴም «የቡሄ ልጅ ባዶ እጁን ከደጄ አይመለስም» ትል ነበር። እርስዎ ሰፈር ሴቶች ልጆች ይወጡ ነበር?

ጡረታ ላይ | ነሐሴ 5

አይወጡም ነበር ልጄ። ግን የልጅ ልጄ አምና ወጣች። ማን ይከለክላታል? እኔ ነኝ ዱላዋን የቆረጥኩላት።

የድጓ ተማሪ | ነሐሴ 5

ለማያውቁት ትንሽ ልበል። በዚህ ቀን የሚከበረው ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ታቦር ተራራ ወጥቶ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ነው። ከሙታን ሙሴ ከሕያዋን ኤልያስ ተገኝተዋል። ችቦው የዚያ ብርሃን ምሳሌ ነው፣ የጅራፉ ጩኸት ደግሞ ከደመናው የመጣው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው። ሙልሙሉን አባቶች ሲተርኩት፣ በዚያ ሌሊት ብርሃኑ ቀን መስሏቸው በመስክ የቀሩ እረኞች ነበሩ፣ ወላጆቻቸው ሲዘገዩባቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፈለጓቸው ይባላል።

የተረሳ አንድ ነገርም አለ። የክርስትና አባትና እናት ለክርስትና ልጃቸው በቡሄ ሙልሙል ይሰጣሉ። የክርስትና ልጅ ያላችሁ ዘንድሮ አስታውሱ። ብር በቴሌብር መላክ አይቆጠርም 🙂

ስሙኒ | ነሐሴ 5

ኧረ ዲያቆን ቀስ! ትላንት ነው 200 ብር የላክሁት።

ሰቆጤዋ | ነሐሴ 6

የታቦሯ እህቴ፣ ልጅሽ ትውጣ፣ ምን ችግር አለው። ግን የእኛን አገር ብታይ ኖሮ ከበር ጀርባ መቆምሽ ይቆጭሽ ነበር። ዋግ ውስጥ ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ሻደይ ይጀምራል፣ የሴት ልጅ በዓል ነው። ረጅሙን ሣር ነቅለን ወገባችን ላይ እናስራለን፣ ስንጨፍር አብሮን ይወዛወዛል። ላስታ አሸንድዬ ይሉታል፣ ራያ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ። ወንዶቹ ዳር ቆመው የሚያዩበት ጊዜ ነው፣ ተራው የእኛ ነው።

እናቴ ሹሩባ ስትሠራኝ ራሴን የያዘችበት ኃይል አሁንም ይሰማኛል። ሦስት ቀን አያስተኛም። ብነቃነቅ በሚዶው ጫፍ ኮርኩም ታቀምሰኛለች። አዲስ አበባ ከመጣሁ ስምንተኛ ዓመቴ ነው፣ በየዓመቱ ቀኑ ሲደርስ ሹሩባ እሠራለሁ፣ ቢሮ ያሉት «ሠርግ አለሽ እንዴ?» ይሉኛል።

እረኛ ነበርኩ | ነሐሴ 6

ጅራፍ የሚያውቅ ሰው ጠፋ መሰለኝ። ከተማ የሚሸጠው በናይሎን ገመድ የተሠራ ነው፣ ድምፁ ጥፊ ይመስላል። ትክክለኛው በቃጫ ወይ በልጥ ነው። ከመያዣው በኩል ወፈር ይላል፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ እየቀጠነ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ነው ምስጢሩ፣ እዚያ ላይ ወፍራም ከተውከው ዝም ይላል። አገማመዱ ደግሞ ጠበቅ ማለት አለበት፣ አንዱ ጫፉን በእግሩ ጣት ይይዛል፣ ሌላው ያከራል። ከማጮህህ በፊት ውኃ ነከር ታደርገዋለህ።

እኛ ጋ በቡሄ ሰሞን የማዶና የወዲህ ሰፈር ልጆች ጅራፍ ይገጥሙ ነበር። ማጮህ ብቻ አይደለም፣ መገራረፍ ነው። ያለቀሰ ተሸነፈ። እግሬ ላይ አንድ ምልክት አለ፣ ሚስቴ የውሻ ንክሻ ይመስላታል፣ እንዲመስላት ትቼዋለሁ። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል» ሲባል ለእናንተ ተረት ነው፣ ለእኔ የሕይወት ታሪኬ ነው።

ፊዚክስ መምህር | ነሐሴ 6

ጫፉ መቅጠን አለበት ያልከው ልክ ነው ወንድሜ። ጉልበቱ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፣ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ያ «ጧ!» የሚለው ገመዱ መሬት ሲመታ አይደለም፣ አየሩን ሲሰነጥቅ ነው። ተዋጊ አውሮፕላን የሚያደርገውን እናንተ በልጥ አድርጋችሁታል። መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ በዚህ ነው የምጀምረው፣ ተማሪ ይነቃል።

ከሜሪላንድ | ነሐሴ 7

እኛ ጋ ቡሄ የሚውለው በአቆጣጠራቸው ኦገስት 19 ነው፣ ሁሌም አይለወጥም፣ ግን የሥራ ቀን ከሆነ ወደ ቅዳሜና እሑድ ይገፋል። ቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያው ላይ ይከበራል። ልጆቹ ግጥሙን በላቲን ፊደል ጽፈው ያጠናሉ። ሴት ወንድ ብሎ ነገር የለም፣ ሁሉም ይጨፍራል፣ እንዲያውም የሚያወጡት ሁለቱ ሴቶች ናቸው፣ ወንዶቹ ስልክ ላይ ናቸው።

አንድ ዓመት ወንድሜ ከአዲስ አበባ ጅራፍ አምጥቶልን ሜዳው ላይ አጮህነው። ሦስተኛው ላይ ፖሊስ መጣ። ጎረቤት ተኩስ መስሎት ደውሎ ነው። ፖሊሱ ጅራፉን ተቀብሎ ሞከረው፣ ጆሮውን መታና መለሰልን። ሙልሙል በልቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቀድመን ለጎረቤት ወረቀት እንበትናለን።

የጨነቀኝ ግን የሙልሙሉ ነገር ነው። በኦቭን ስጋግረው የሳንድዊች ዳቦ ይሆንብኛል። የታቦሯ፣ እናትሽ እንዴት ነበር የምትጋግረው?

የታቦሯ | ነሐሴ 7

ፖሊሱ ገደለኝ 😂

እናቴ በመጠን አታውቅም፣ «በእጄ» ነው የምትለው። እኔ ሰፍሬ ያገኘሁት ይኸው። አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ትንሽ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ ቆንጠር አድርገሽ፣ እርሾ። እርሾ ከሌለሽ የሱቁን ተጠቀሚ፣ ግን ትንሽ፣ ቀስ ብሎ ይነሣ። ጾም ነውና ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። ሊጡ ከድፎ ዳቦ ጠንከር ይላል፣ ካልሆነ ቅርፅ አይዝልሽም። ከተነሣ በኋላ በመዳፍሽ ሞላላ አድርገሽ ታድቦለብይዋለሽ፣ መሐሉ ወፈር ጫፍና ጫፉ ቀጠን። ከአንድ ኪሎው ዐሥር ያህል ይወጣል።

ኦቭኑን ተይው። ወፍራም መጥበሻ ወይ ምጣድ ላይ በዝግታ፣ ከድነሽ። እናቴ በአክንባሎ ትከድነዋለች። አንዱ ጎን ቡናማ ሲሆን ታገላብጪዋለሽ። ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ካልታዩበት ሙልሙል አይደለም። ለምግቡ ስልጆ ካለሽ ስልጆ፣ ከሌለሽ ሻይ ይበቃዋል።

ፖም | ነሐሴ 8

ሞስኮ ስማር የገጠመኝን ላውራ። ነሐሴ 13 ቀን ብቻዬን ዶርም ውስጥ ተክዤ ቁጭ ብያለሁ። በመስኮት ሳይ አሮጊቶች ነጭ ሻሽ አስረው ቅርጫት ሙሉ ፖም ይዘው ይሄዳሉ። ተከትያቸው ወጣሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ለካ የእነሱም ደብረ ታቦር በዚያው ቀን ነው! የድሮው አቆጣጠር ስላልተለወጠ ከእኛ ጋር ይገጥማል። ፖሙ ይባረካል፣ ከዚያ ይበላል። አንዷ ባልቴት እጄ ላይ ሁለት ፖም አስቀመጡልኝ። ሆያ ሆዬ ሳልል አገኘሁ። በስባሪ ሩሲያኛዬ «እኛ አገር ዳቦ ነው የሚሰጠው» አልኳቸው፣ የገባቸው አይመስለኝም፣ ሦስተኛ ጨመሩልኝ።

ቤይሩት ያለሁ | ነሐሴ 9

እኔ የሰው ቤት ነው የምሠራው። ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ቡሄ መሆኑን የሚነግረኝ የወንድሜ ልጅ ነው፣ በኢሞ ደውሎ «እታለም፣ በር ላይ ነኝ፣ ክፈቺ» ይለኛል። ከዚያ ይጨፍራል፣ መስመሩ ይቆራረጣል፣ «ሆያ» ይላል «ሆዬ» ሳይደርሰኝ ይቀራል። አምና ማዳሜ ከተኛች በኋላ በጋዙ አንድ ሙልሙል ጋገርኩ። አንድ ብቻ። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። «ይሄ ትንሽ ነው» አለኝ ሌባው 😄

ብር ወይስ ዳቦ ላላችሁት፣ እኔ ብር ነው የምልከው፣ ሌላ መንገድ የለኝም። ዳቦውን እናቴ በእኔ ስም ትጋግርለታለች።

ስሙኒ | ነሐሴ 9

አንቺ እህቴ፣ ይሄን በቢሮ ሰዓት ማንበብ አልነበረብኝም።

ሰቆጤዋ | ነሐሴ 9

እግዚአብሔር ለአገርሽ ያብቃሽ።

እረኛ ነበርኩ | ነሐሴ 10

የታቦሯ፣ ባልሽ ጅራፍ ሊገምድ ነው ወይስ ከገበያ ሊገዛ? ናይሎን ገዝቶ እንዳያዋርደን።

የታቦሯ | ነሐሴ 10

ቃጫ አስመጥቶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ወፍጮ ቤት መስሏል። ያንተን መልስ ጮክ ብሎ እያነበበ ነው የሚገምደው፣ ልጅቷ ጫፉን በእግር ጣቷ ይዛለታለች።

የታቦሯ | ነሐሴ 13፣ ማታ

እንኳን አደረሳችሁ! የትናንትናውን ላውራላችሁ።

ልጄ ከሕንፃችን አራት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ሰብስባ ወጣች። የግቢው ጥበቃ መጀመሪያ «እሳት አይቻልም» ብሎ ችቦውን ከለከለ። ተነጋገርን፣ ሜዳው ላይ ከመኪናዎቹ ርቀን አንድ ብቻ እንድንለኩስ ፈቀደ። ሲነድ እሱ ራሱ ቀድሞ ሆ! አለ፣ ለካ የእስቴ ልጅ ነው። ጎረቤቴ ነው ማለት ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በበሩ ስገባ ስወጣ አላወቅኩም።

ከዚያ በየፎቁ ዞሩ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሙስሊም ጎረቤታችን ቴምር ሰጠቻቸው። አንድ ቤት በሩን አልከፈተም፣ ልጆቹ ግን መርቀው አለፉ (አባባ፣ ይህን ለእርስዎ ስል ነው የጻፍኩት)። ብር የሰጡም አሉ፣ ሙልሙል የጋገረ ግን ከእኔ ሌላ አንድ ቤት ብቻ ነው።

እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ እጠብቃለሁ። እንደ ድሮዬ ከበር ጀርባ። ደረጃው ላይ ዱላው ሲወርድ ይሰማኛል፣ ድምፁ እየቀረበ መጣ። የልጄ ድምፅ ነው የሚያወጣው፣ ትንሽ ጎርነን ብሏል፣ ብዙ ጮኻለች። በሩን ስከፍት እንደማታውቀኝ ሆና ቆመች። «ሚሚዬ ግቢ» ብላት ወይ ፍንክች። ቡድኑ ፊት እናቷ መሆኔን አላመነችም። እስኪጨርሱ ቆሜ ሰማሁ። ሙልሙሉን ሳቀብላት በሁለት እጇ ተቀበለችና «እትዬ፣ ውለዱ ክበዱ» አለችኝ። እትዬ!

የተረፈ ሁለት ሙልሙል አለ፣ አንዱን ለጥበቃው ወስጄለታለሁ።

ጡረታ ላይ | ነሐሴ 13

ተባረኪ። ያልከፈተው ቤት ከሚቀጥለው ዓመት ይከፍታል፣ ግድ የለሽም።

እረኛ ነበርኩ | ነሐሴ 13

ዋናውን ነገር ዘለልሽው። ጅራፉ ጮኸ?

የታቦሯ | ነሐሴ 13

ሜዳው ላይ አልጮኸም። ቤት ገብቶ «ምን እንደጎደለው ልይ» ብሎ ሳሎን ውስጥ ሲሞክረው ጮኸ። አምፖሉ የለም አሁን፣ በሻማ ነው የምጽፍላችሁ።